ከላቦራቶሪ ሳህን እስከ ስንዴ ዛላ፦ ባክቴሪያ ስለሚሠራቸው ፀረ ፈንገስ ውህዶች

የተከበራችሁ የጉባኤው ታዳሚዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ! አምራቾችም፣ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያዎችም፣ ተማሪዎችም በአንድ አዳራሽ መገኘታችሁ ደስ ብሎኛል፤ ጉዳዩ ሁላችሁንም ይመለከታልና። ከመጀመሬ በፊት፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። አንድ ሰው ጠርሙስ ይዞ መጥቶ «ፈንገስ የሚያጠፋ ባክቴሪያ አለኝ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? አብዛኞቻችን «ለመሆኑ ይሠራል?» እንላለን። እሱም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየናል። ክብ ሳህን ነው፤ በአንድ በኩል ፈንገስ፣ በሌላው በኩል ባክቴሪያ፣ መካከላቸው ባዶ ቦታ። በቃ፣ አመንን! ዛሬ የምለምናችሁ ያንን ፎቶ ቶሎ እንዳታምኑት ነው። በፎቶው ፋንታ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሥራውን የሚሠራው የትኛው ውህድ ነው? ውህዱ አሁን ጠርሙሱ ውስጥ አለ ወይስ ባክቴሪያው ማሳ ከደረሰ በኋላ ነው የሚያመርተው? ፈንገሱ ተክሉ ውስጥ በሚገባበት ቦታና ሰዓትስ ይገኛል? እነዚህን ሦስቱን መመለስ የማይችል ሰው ስለ ምርቱ ገና አያውቅም ማለት ነው።

ንግግሬ አራት ክፍል አለው። ስለ ውህዶቹ አጠር አድርጌ እጀምራለሁ። ቀጥሎ እስከ ማሳ የደረሱት እንዴት እንደደረሱ እነግራችኋለሁ። ሦስተኛው ሳህኑ ለምን እንደሚያታልለን ነው። አራተኛው ላይ፣ ማለትም ዘር ላይ፣ ቅጠል ላይና ዛላ ላይ ስላለው ሥራ፣ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

እንግዲህ አንደኛው። የተክል ሥር ስኳርና አሚኖ አሲድ ያፈሳል፤ ያንን የሚሻሙ ደቂቅ ሕዋሳት ብዙ ናቸው። ባክቴሪያዎች ከሽሚያው የሚተርፉበት አንዱ መንገድ ጎረቤትን የሚያግድ ውህድ መሥራት ነው። ለብርዕ ሰብሎች ጥበቃ ደጋግመን የምናገኛቸው ሦስት ወገኖች ናቸው።

ባሲለስ የሚባሉት ሊፖፔፕታይድ ይሠራሉ፤ ይህም ከአሚኖ አሲዶች የተሠራ ቀለበትና የስብ ጭራ ያለው ውህድ ነው። ኢቱሪን በቀለበቱ ሰባት አሚኖ አሲድ አለው፤ የፈንገሱ ሕዋስ ሽፋን ውስጥ ካለው ኤርጎስቴሮል ከሚባል የስብ ዓይነት ጋር ተጣብቆ ሽፋኑን ይበሳል፣ ፖታሲየሙም ይፈሳል። ፌንጂሲን አሥር አሚኖ አሲድ ያለው ሲሆን ክር ሠርተው በሚያድጉ ፈንገሶች ላይ ይበረታል። ሰርፋክቲን ደግሞ ብቻውን ደካማ ፀረ ፈንገስ ነው፤ ግን አትናቁት። የውሃን የገጽ ውጥረት በሜትር ከ72 ሚሊ ኒውተን ወደ 27 ያወርዳል፤ ስለዚህ ጠብታው ሰም ባለው የስንዴ ቅጠል ላይ ተንከባልሎ ከመውደቅ ይልቅ ይዘረጋል። በዚያ ላይ የተክሉን የራሱን መከላከያ ይቀሰቅሳል። ሦስቱንም የሚሠራ ዝርያ ካገኛችሁ ከአንዱ ብቻ ከሚሠራው አስቀድሙት።

ሁለተኛው ወገን ሱዶሞናስ ነው። ፌናዚን፣ ዳያሴቲልፍሎሮግሉሲኖል፣ ፒሮልኒትሪንና የሪዞክሲን ዘመዶች የእሱ ሥራዎች ናቸው። ሥር ላይ መሥፈር ይችልበታል፤ ነገር ግን እንደ ባሲለስ ጠንካራ ስፖር፣ ማለትም ክፉ ጊዜን ተኝቶ የሚያሳልፍ ሕዋስ፣ ስለማይሠራ ድርቀት ቶሎ ይገድለዋል። ይህን አትርሱ፤ ስለ ዘር ስንነጋገር እንመለስበታለን።

ሦስተኛው ስትሬፕቶማይሲስ ነው። ካሱጋማይሲን የፈንገሱን ፕሮቲን መሥራት ያቆማል። ፖሊኦክሲን የፈንገስ ሕዋስ ግድግዳ የሚሠራበትን ካይቲን ያስተጓጉላል። ቫሊዳማይሲን ትሬሃሌዝ የሚባለውን ኤንዛይም ይዘጋል። ከዚህ ወገን ገበያ ላይ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ ተጣርቶ የወጣ ውህድ እንጂ ሕያው ባክቴሪያ አይደለም።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅመናል? የተጣራ ውህድ በረጫችሁበት ሰዓት መሥራት ይጀምራል፤ ከዚያ ይቀንሳል። ሕያው ባክቴሪያ መጀመሪያ መሥፈር፣ መብላት፣ መባዛት አለበት፤ ውህዱን የሚያመርተው ቁጥሩ ሲበዛ ነው። ከተባዛበት ፈሳሽ ተለይቶ የታጠበ ሕያው ባክቴሪያ ዛሬ ረጭቶ ዛሬ ማታ የሚበቅል የፈንገስ ስፖር፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባበትን ብናኝ፣ ለማስቆም መጠበቅ ከንቱ ነው። ባክቴሪያው የተባዛበት የማፍያ ፈሳሽ ከነባክቴሪያው የታሸገበት ምርት መካከለኛ ነው፤ ውህዱም ሕዋሱም አለው። መለያው ላይ የሕዋስ ቁጥር ብቻ ከተጻፈና ስለ ውህዱ ምንም ካልተባለ ሻጩን ጠይቁት።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። በሃምሳዎቹ ጃፓን ውስጥ ብላስት የሚባለውን የሩዝ በሽታ የሚከላከሉት በሜርኩሪ ውህዶች ነበር። ሜርኩሪ በሩዝ ፍሬ ላይ! በዚያ ፋንታ የመጣው ብላስቲሲዲን ኤስ ነው፤ በ1958 ከስትሬፕቶማይሲስ የተገኘ። በሽታውን ያዘ፤ ግን የሚረጩትን ሰዎች ዓይን ያቃጥል ነበር፣ መጠኑ ትንሽ ከፍ ካለም የሩዙን ቅጠል ያጨማትራል። «ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም» የሚል ሰው ስሰማ የማስታውሰው ይህንን ነው። በ1965 ካሱጋማይሲን ተከተለ፤ ናራ ከተማ ካለው ከካሱጋ ቤተ መቅደስ አካባቢ አፈር የተገኘ ስትሬፕቶማይሲስ የሚሠራው፣ ለሰውና ለተክሉ እጅግ የለዘበ። ታዲያ ምን ሆነ? ደግመው ደጋግመው እሱኑ ብቻ ረጩ፤ በሰባዎቹ መጀመሪያ የብላስት ፈንገስ ተላመደው። የተፈጥሮ መሆኑ ከመላመድ አላዳነውም።

ቫሊዳማይሲን ግን ለየት ያለ ነው። የሩዝን ግንድ የሚያቅፈውን የቅጠል ክፍል የሚያበሰብሰው ራይዞክቶኒያ፣ ስኳሩን ወደ ክሩ ጫፍ የሚያጓጉዘው ትሬሃሎዝ ወደሚባል የስኳር ዓይነት ለውጦ ነው። ቫሊዳማይሲን ያንን መፍታት ይከለክለዋል፤ ፈንገሱ አይሞትም፣ ግን ክሩ ያለ ቅጥ ይቀረነጫል፣ ወደፊት አይሄድም፣ ተክሉ ውስጥ አይገባም። አሁን ልብ በሉ! ይህን ውህድ ምግብ በሞላበት ሳህን ላይ ብትፈትኑት ፈንገሱ የሚያድግ ይመስላችኋል፤ «አይሠራም» ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። እስያ ውስጥ ግን ለአሥርተ ዓመታት ሩዝን ሲጠብቅ ኖሯል። ካሱጋማይሲንም እንዲሁ ነው፤ አሲዳማ በሆነ መብል ላይ ይበረታል፣ ገለልተኛ በሆነው ላይ ደካማ ይመስላል።

የፒሮልኒትሪን ታሪክ ሌላ ትምህርት አለው። በ1964 ከሱዶሞናስ ወገን ባክቴሪያ ተለይቶ ታወቀ። በሳህን ላይ ብርቱ ነው፤ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ይፈርሳል። ኬሚስቶች አንዱን ክሎሪን አውጥተው በሲያኖ ተኩት፤ ብርሃን የሚችል ሆነ። ከዚያ ቅርንጫፍ የወጣው ፍሉዲዮክሶኒል ዛሬ የስንዴ ዘር ከሚለወስባቸው የታወቁ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ስለዚህ «እኔ የባክቴሪያ ነገር አልጠቀምም» የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት ሳታውቁት የልጅ ልጁን እየተጠቀማችሁ ነው።

ሪዞክሲንም አለ። የሩዝ ቡቃያን በሚያጠወልግ ፈንገስ ውስጥ በ1984 ሲገኝ የፈንገሱ መርዝ ነው ተባለ። በ2005 ግን ውህዱን የሚሠራው ፈንገሱ ሳይሆን ፈንገሱ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ መሆኑ ተረጋገጠ! የዚያው ውህድ የቅርብ ዘመድ ደግሞ ሱዶሞናስ ክሎሮራፊስ በሚባል ባክቴሪያ ይሠራል፤ ስዊድን ውስጥ በዘጠናዎቹ ለገብስና ለአጃ ዘር መለወሻ ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ፤ ቅጠል ላይ ረጅም መስመር የሚያወጣውን የገብስ በሽታና መሰሎቹን ይከላከላል። አንዱ ወገን ቡቃያ ይገድላል፤ ሌላው ዘር ይጠብቃል። ወሳኙ መጠኑና ቦታው ነው።

ስለ ስንዴ ሥር አንድ ነገር ልጨምር፤ የማስረጃን ነገር የሚያስተምር ስለሆነ። ጋውማኖማይሲስ የሚባል ፈንገስ ሥሩን ያጠቁርና ዛላው ሳይሞላ ነጭ ሆኖ እንዲቀር ያደርጋል። የሚገርመው፣ በአንድ ማሳ ላይ ስንዴ ያለማቋረጥ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ሲዘራ በሽታው መጀመሪያ ይከፋል፣ ከዚያ በራሱ ይቀንሳል። ለምን? ዳያሴቲልፍሎሮግሉሲኖል የሚሠሩ ሱዶሞናሶች ሥሩ ላይ ስለሚበዙ ነው፤ በአንድ ግራም ሥር ወደ መቶ ሺህ ሕዋስ ሲደርሱ መከላከሉ ይታያል። ይህ ግን ግምት ሊሆን አይችልም ነበር? ሊንዳ ቶማሾና ዴቪድ ዌለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1988 ያሳተሙት ሥራ መንገዱን ያሳየው እዚህ ላይ ነው። ይህንኑ በሽታ የሚከላከል፣ ግን ሌላ ውህድ፣ ፌናዚንን፣ የሚሠራ ሱዶሞናስ ወስደው ፌናዚን መሥራት እንዳይችል ጂኑን አበላሹ፤ ስንዴውን የመጠበቅ ኃይሉ ቀነሰ። ጂኑን መለሱለት፤ ኃይሉም ተመለሰ። ከዚያም ውህዱን ከስንዴው ሥር ላይ ራሱን አውጥተው አገኙት። ማስረጃ ማለት ይህ ነው!

ሦስተኛው፣ ሳህኑ። ለተማሪዎቹ አሠራሩን በትክክል ልናገር። ዘጠና ሚሊ ሜትር ሳህን፣ የድንች ግሉኮስ አጋር፣ ማለትም እንደ ጄል የረጋ የማሳደጊያ መብል። 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፈንገስ ቁራጭ መሐል ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ባክቴሪያውን ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ርቃችሁ ትጭራላችሁ። በ25 ዲግሪ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን። ባክቴሪያ የሌለበት ሳህን የግድ ነው፤ ፈንገሱ በሁለቱ ሳህኖች ላይ ያደገበትን ራዲየስ ልዩነት ባክቴሪያ በሌለበት ራዲየስ አካፍላችሁ በመቶ ታበዛላችሁ። ለእያንዳንዱ ቢያንስ አራት ሳህን ይሁን።

ስህተቱ የሚገባው ከየት ነው? በመጀመሪያ ያ አጋር በሊትር 20 ግራም ስኳር አለው። የትኛው የስንዴ ሥር ነው ለባክቴሪያ ይህን ያህል የሚያበላው? በጥጋብ የሚሠራ ውህድ በርሃብ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ በሳሳ መብል ላይ ድገሙት። ቀጥሎ ብረት አለ፤ ብዙ ሱዶሞናስ ብረት የሚሻማ ሌላ ነገር ያወጣል፣ ብረት ባነሰበት መብል ላይ ባዶ ቀለበቱ የሚመጣው ከዚያ ሊሆን ይችላል። መቶ ማይክሮ ሞላር ፌሪክ ክሎራይድ የሚባል የብረት ጨው ጨምሩ፤ ቀለበቱ ከጠፋ ያያችሁት የብረት ርሃብ ነው። የአጋሩንም ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መጠን፣ ለኩ፤ ባክቴሪያው መብሉን አሲድ ወይም አልካሊ ከማድረጉ በቀር ምንም ያልሠራበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ባክቴሪያውን አውጥታችሁ ፈሳሹን ብቻ ፈትኑ፤ በ0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ። ግማሹን በ121 ዲግሪ ለሃያ ደቂቃ አሙቁት። ኃይሉ ካልጠፋ ሊፖፔፕታይድ ጠርጥሩ፤ ከጠፋ ኤንዛይም ይሆናል። የጠረጠራችሁት ሊፖፔፕታይድ ከሆነ ፈሳሹን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወደ ፒኤች 2 አውርዱ፣ በ4 ዲግሪ አሳድሩ፣ አሽከርክሩ፣ ዝቃጩን በሜታኖል አውጡ። የሞለኪውል ክብደት በሚለካው መሣሪያ ሲታይ ኢቱሪንና ሰርፋክቲን ከ1000 እስከ 1100 አካባቢ፣ ፌንጂሲን ከ1430 እስከ 1550 አካባቢ ይወጣሉ። እንዲህ ያላደረገ ሰው «ኢቱሪን ነው» ብሎ አይጻፍ። ፈሳሹን በብዛት ለምታመርቱ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ ሰርፋክቲን አረፋ ነው! አየር በኃይል ስትነፉበት ማፍያው አፉን ሞልቶ ይፈሳል፣ የአየር ማጣሪያውን ያርሳል፣ በእርጥቡ ማጣሪያ በኩል ብክለት ይገባል። የማፍያውን ሲሶ ባዶ ተዉ፤ የሚወጣውን አረፋም አትድፉት፣ ውህዱ የተከማቸው እዚያ ነው።

ዋግ ላይ ግን ሳህኑ ጨርሶ አያገለግልም። የዋግ ፈንገስ የሚኖረው በሕያው ተክል ላይ ብቻ ነው፤ በተለመደው አጋር ላይ አታሳድጉትም። የዋግን ስፖር በውሃ አጋር ላይ በትናችሁ ስንቱ እንደበቀለ በማይክሮስኮፕ መቁጠር፣ ከዚያ ቡቃያ ላይ መፈተን ነው ያለው መንገድ። ለቢጫ ዋግ ቅዝቃዜው አይረሳ፤ በ10 ዲግሪ አካባቢ፣ በእርጥበት፣ በጨለማ አሳድሩት። በ25 ዲግሪ ሞክራችሁ ስፖሩ አልበቀለም ብላችሁ ባክቴሪያውን ብታመሰግኑ፣ ምስጋናው የሙቀቱ ነው።

አሁን ወደ አራተኛው። ከዘር እንጀምር፤ ለእነዚህ ውህዶች ከሁሉ የተመቸው ቦታ እሱ ነው። ፀሐይ የለም፣ ዝናብ አያጥብም፣ የሚጠበቀው ስፋት ትንሽ ነው። ግን ዘር የሚያመጣቸው በሽታዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ከቅርፊቱ ላይ የተቀመጠውን፣ ለምሳሌ ፍሬውን ዓሣ ዓሣ የሚሸት ጥቁር ዱቄት የሚያደርገውን ቲሌሺያ፣ ውህዱ ይደርስበታል። አበባ ላይ ገብቶ ፅንሱ ውስጥ የተኛውን፣ ዛላውን በሙሉ ወደ ጥቁር ብናኝ የሚለውጠውን ኡስቲላጎ ግን ላዩን የተቀባ ባክቴሪያ አይነካውም። ለእሱ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ መድኃኒት ወይም ንጹሕ ዘር ያስፈልጋል። ባለሙያዎች ሆይ፣ እባካችሁ አምራቹን በዚህ አታሳስቱት።

መጠኑን አብረን እናስላ። የሺህ ፍሬ ክብደቱ 40 ግራም የሆነ ስንዴ በኪሎ 25 ሺህ ፍሬ አለው፤ በመቶ ኪሎ ሁለት ሚሊዮን ተኩል። በፍሬ አንድ ሚሊዮን ሕያው ሕዋስ ከፈለጋችሁና ፈሳሹ በሚሊ ሊትር አሥር ቢሊዮን ካለው፣ ለመቶ ኪሎ የሚበቃው 250 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ ግን ሁሉንም ፍሬ አያዳርስም፤ ስለዚህ በውሃ ወደ አንድ ሊትር ታደርሱታላችሁ። ከአንድ ሊትር አትለፉ። አንድ ሊትር በመቶ ኪሎ የዘሩን እርጥበት በአንድ በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል፤ 13 በመቶ የነበረው 14 ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ጆንያ ውስጥ ይሻግታል፣ ይበቅላል።

ውሃው ክሎሪን ካለው ባክቴሪያው ከመዘራቱ በፊት ይሞታል። ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድሩት፤ ክሎራሚን ከሆነ በማሳደር አይለቅም፣ ሌላ ውሃ ፈልጉ። ዘሩን ቀድማችሁ ከአቧራና ከገለባ አጥሩ፤ አቧራው ፈሳሹን ይጠጣና ፍሬው ባዶውን ይቀራል። ቀለም ጨምሩበት፤ ቀለሙ ከሁሉም ፍሬ ላይ እኩል እስኪታይ አገላብጡ። በጥላ አድርቁ። የመዳብ ውህድ በነካው ዕቃ አትለውሱ። ባሲለስ ከሆነ ሊቆይ ይችላል፤ ሱዶሞናስ ከሆነ መለያው ከሚፈቅደው ቀን አታሳልፉ፣ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። ዘይት ውስጥ የሚሸጡት ለዚህ ነው፤ ዘይቱ ድርቀቱን ያዘገያል።

ሕያው መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ከተለወሰው ዘር 10 ግራም ውሰዱ፤ 250 ፍሬ ገደማ ነው። በ90 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የጨው ውሃ፣ ጨዉ 0.85 በመቶ የሆነ፣ ለሃያ ደቂቃ አናውጡት። አንድ ሺህ እጥፍ አቅጥኑና 0.1 ሚሊ ሊትር ሳህን ላይ ዘርጉ። በፍሬ አንድ ሚሊዮን ካለ 250 ያህል የባክቴሪያ ክምችት (ኮሎኒ) ትቆጥራላችሁ። አሥር ብቻ ካያችሁ የከፈላችሁበት ነገር ሞቷል። በለወሳችሁ ማግሥትና በምትዘሩበት ቀን፣ ሁለት ጊዜ ቁጠሩ።

ቅጠል ላይ ነገሩ ይከብዳል። ሊፖፔፕታይድ የነካውን ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ አዞል እንደሚባሉት የኬሚካል ፀረ ፈንገስ መድኃኒቶች በተክሉ ውስጥ አይዘዋወርም። ከርጭት በኋላ የወጣ ቅጠል ራቁቱን ነው። ስለዚህ ከበሽታው በፊት፣ የላይኛው ቅጠል ሙሉ ከተዘረጋ በኋላ፣ ከዚያም በየሰባት እስከ አሥር ቀን። ፀሐይ ስትበረታ አትርጩ፤ አመሻሹን ይሁን፤ አልትራቫዮሌቱ ሕያው ሕዋስንም ይገድላል፣ እንደ ፒሮልኒትሪን ያለውንም ያፈርሳል። ምርቱ ፌናዚን ካርቦክሲሊክ አሲድ የተባለውን ውህድ የያዘ ከሆነ የታንኩን ውሃ ፒኤች ተመልከቱ፤ አልካሊ ሲሆን ኃይሉ ይቀንሳል፣ ከ7 በታች ይሁን። ቢጫ ዋግ ቅጠሉ ላይ መስመር ከሠራ በኋላ ግን በእነዚህ አታባርሩትም። ያኔ የሚያድን ሌላ መድኃኒት ነው፤ ይህን ስል የሚከፋው ሻጭ ይኖራል፣ ይከፋው።

ዛላ ላይ ያለው ፉዛሪየም ሰዓት የሚያውቅ በሽታ ነው። ስንዴ አበባ የሚጀምረው ከዛላው መሐል ነው፤ ቢጫዎቹ ወንዴ አበቦች ከመሐል ብቅ ሲሉ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ወንዴ አበባው ውስጥ ያሉት ኮሊንና ቤታይን የፈንገሱን እድገት ያነሣሣሉ፤ ሙቀትና ሁለት ሦስት ቀን እርጥበት ከተጨመረ ይገባል። የሚረጨው ያኔ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ የአበባ ቀናት። ገብስ ብዙ ጊዜ ዛላው ከመውጣቱ በፊት ስለሚያብብ ዛላው ሙሉ ሲወጣ ይረጫል። ደግሞ ዛላ ቆሞ ያለ ነገር ነው፤ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚረጭ አፍንጫ ጫፉን ያርሳል፣ ጎኑን ይስታል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያዘነበለ ድርብ አፍንጫ ተጠቀሙ፣ በሄክታር 200 ሊትር ውሃ ያህል። ከዚያ ሰርፋክቲን ያለበት ምርት ላይ ሌላ ማጣበቂያ በላይ በላዩ አትጨምሩ፤ ጠብታው ከዛላው ላይ ይንጠባጠባል።

በእውነት ልንገራችሁ፤ ዛላ ላይ ባክቴሪያ ብቻውን ከጥሩ አዞል እኩል አይቆምም፤ ውጤቱም ከዓመት ዓመት ይለያያል። ቦታው አጋርነት ነው። አዞሉ በአበባ መጀመሪያ፣ ባክቴሪያው ከቀናት በኋላ ዘግይተው ላበቡት ዛላዎች። ውጤቱንም በዓይን ብቻ አትለኩ። ዛላው ንጹሕ መስሎ ፍሬው ዲኦክሲኒቫሌኖል የተባለውን መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ አሜሪካ ውስጥ ለሰው ምግብ በተዘጋጀ የስንዴ ምርት የሚመከረው ጣራ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ነው። ፍሬውን አስመርምሩ። ተስፋውም ያለው እዚሁ ነው፤ በ2018 የታተመ አንድ ጥናት፣ ስንዴ ዛላ ላይ የሚኖር ሱዶሞናስ የሚያወጣው ፌናዚን ካርቦክሳማይድ የፉዛሪየሙን የጂን አሠራር እንደሚያዛባና መርዝ ማምረቱንም እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ፈንገሱም ዝም ብሎ አይቀመጥም። በ1997 እንደታየው፣ ፉዛሪየም የሚያወጣው ፉዛሪክ አሲድ ሱዶሞናሱ ዳያሴቲልፍሎሮግሉሲኖል እንዳይሠራ ያደርገዋል። አንድ ባክቴሪያ በአንድ ውህድ ላይ ብቻ ቆሞ እንደሆነ ማሳው ላይ ፈንገሱ ሊያፍነው ይችላል። የደኅንነቱንም ጉዳይ አንርሳ። ቡርክሆልዴሪያ ሴፓሺያ ከሚባለው ወገን ብርቱ ፀረ ፈንገስ የሚሠሩ አሉ፤ ግን የዚያው ወገን አባላት ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል በዘር የሚወረስ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሳንባ ክፉኛ ያጠቃሉ። አፈር ላይ የተገኘ ባክቴሪያ ማንነቱ በጂን ንባብ ሳይታወቅ በርሜል ሙሉ አታባዙ፤ በ37 ዲግሪ ማደጉንም ፈትኑ። የማፍያ ዱቄት ስትይዙ ጭንብል አድርጉ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ምርቱን በራሳችሁ ማሳ ላይ የምትፈትኑበት መንገድ። አራት ዓይነት መደብ ያስፈልጋል። ምንም ያልተደረገለት፤ ባክቴሪያውና ውህዱ የሌለበት ተሸካሚ ፈሳሽ ብቻ የተረጨ፤ ምርቱ የተረጨ፤ የለመዳችሁት መድኃኒት የተረጨ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዘይቱና ማጣበቂያው ራሳቸው ስፖር ሊያሰናክሉ ይችላሉ፤ ያንን ሳታዩ ውጤቱን ለባክቴሪያው ከሰጣችሁ የገዛችሁት ዘይት መሆኑን አታውቁም። እያንዳንዱን አራት ቦታ ድገሙት፣ ቦታውን በዕጣ ለዩ፣ ሦስት ሜትር በአሥር ሜትር ይበቃል። ከየመደቡ ከዳሩ ገባ ብላችሁ 50 ዛላ ቁጠሩ፤ ስንቱ እንደታመመና በዛላው ላይ ስንት እጁ እንደደረቀ ለየብቻ ጻፉ። የረጫችሁበትን ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ዝናብ የጣለበትንም ሰዓት መዝግቡ። መድኃኒቱ ሠርቶ ባክቴሪያው ካልሠራ፣ መጀመሪያ በታንኩ ውስጥ ያለውን የሕያው ሕዋስ ቆጠራ፣ ቀጥሎ የሰዓቱን መዝገብ ተመልከቱ፤ ዝርያውን የምትወቅሱት እነዚያን ካያችሁ በኋላ ይሁን።

እዚህ ላይ አቆማለሁ። የማሳ ጥያቄ ያላችሁ ቅደሙ፤ የላቦራቶሪውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። አመሰግናለሁ።